«ዘግተሽዋል» አልልሽም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴ፣ ከታላቅ እህቴና ከሕፃን ልጇ ጋር እኖራለሁ። ችግሬ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ቡታጋዙን መዝጋቴን አላምንም። አራት ፎቅ ወርጄ መልሼ እወጣለሁ። አንድ ቀን መገናኛ ከደረስኩ በኋላ ከታክሲ ወርጄ ተመልሻለሁ። እናቴ ቤት ቁጭ ብላ እያለች! አሁን ደግሞ ፎቶ ማንሳት ጀምሬያለሁ። ስልኬ ውስጥ ከ400 በላይ የቡታጋዝ ፎቶ አለ። እሱንም አይቼ «ይሄ የዛሬው ነው የትናንቱ?» እላለሁ። ከዚያ እናቴ ጋ እደውላለሁ። «ዘግተሽዋል ልጄ፣ እኔ አይቼዋለሁ» ትለኛለች። ለአሥር ደቂቃ እረጋጋለሁ።

ይህ ሳያንሰኝ ቅዳሴ ላይ በሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆሜ በአፍ የማይባል ስድብ ወደ አእምሮዬ ይመጣል። አባታችን ሆይ ስል ክፉ ሐሳብ መሀል ከገባ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በዐቢይ ጾም ብቻ ለንስሐ አባቴ ስድስት ጊዜ ደውያለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሕፃኗ አጠገቤ ስትድህ «ብወጋትስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ቢላውን ጥዬ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ ቢላ አልነካም፤ እሷንም አላቅፍም። ጎረቤቶች ዓይነ ጥላ ነው አሉኝ። ሁለት ሱባኤ ጸበል ተጠመቅሁ። እዚያም «ውሃው ጀርባዬን ነካኝ ወይስ አልነካኝም?» እያልኩ አጥማቂውን አስቸገርኩ። በማርፈዴ ከመሥሪያ ቤት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። አንዳንድ ቀን ባልነቃ እላለሁ። እባክዎ በእርግጠኝነት ይንገሩኝ፤ ክፉ ሰው ነኝ? እያበድኩ ነው? ልጅቷን እጎዳት ይሆን?

ስሜ ይቆይልኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አራት ጊዜ። ሁለቱ በአምስት ደቂቃ ልዩነት የተላኩ ናቸው። ሦስተኛው ላይ «ምናልባት ካልደረሰ ብዬ ነው» ብለሻል። አራተኛው ላይ ደግሞ ስለ ሦስተኛው ይቅርታ ጠይቀሻል። መጀመሪያ ፈገግ አልኩ፤ ቀጥሎ አዘንኩ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። «አንዳንድ ቀን ባልነቃ» ብለሻል። በሌላው ወሬ መሀል ሸጎጥ አድርገሽዋል እንጂ ለኔ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ዛሬ ማታ ለእናትሽ ወይም ለእህትሽ በአፍሽ ንገሪያቸው። ሐሳቡ ራስን ወደ መጉዳት ካዘነበለ ቀጠሮ ምናምን አትጠብቂ። ሰው ይዘሽ በቅርብሽ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የኔ ጽሑፍ የትም አይሄድም፤ በኋላ ታነቢዋለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በእርግጠኝነት ንገሩኝ አልሽ። አልነግርሽም። ጨክኜብሽ አይደለም። ብነግርሽ ለአሥር ደቂቃ ትረጋጊያለሽ፤ ይህን ራስሽ ጽፈሽዋል። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ «ሁሉንም ነገር እኮ አልነገርኳቸውም፤ ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ አይሉኝም ነበር» ትያለሽ። ከዚያ አምስተኛ ደብዳቤ ይመጣል። ስለዚህ ማረጋገጫ ሳይሆን የማውቀውን አካፍልሻለሁ። እሱንም አንዴ አንብቢው።

የጻፍሽው ነገር ሐኪሞች ኦሲዲ፣ በሙሉ ስሙ ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ የሚሉትን ሕመም በጣም ይመስላል። በደብዳቤ በሽታ አይታወቅምና ይህን የሚወስነው ፊት ለፊት ያየሽ ባለሙያ ነው። (ማረጋገጫ ወዳድ ስለሆንሽ ልንገርሽ፤ አንድ ሐኪም ይበቃል። አምስት ቦታ አትዙሪ።) ሕመሙ በሁለት እግሩ ነው የሚሄድ። አንደኛው እግር ሳትጠሪው የሚመጣው አስጨናቂ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ጭንቀቱን ለማብረድ የምታደርጊው ነገር ነው። ፎቶው፣ ስልኩ፣ ጸሎቱን ከመጀመሪያው መጀመር፣ ከቢላ መሸሽ፣ ለኔ አራት ጊዜ መላክ፣ ሁሉም ከሁለተኛው ወገን ናቸው። መልካቸው ስለሚለያይ ሦስት አራት በሽታ የያዘሽ መስሎሻል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ከመቶ ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆነው በሕይወት ዘመኑ ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ ከ25 ዓመት በፊት ይጀምራል፤ አንቺ 24 ላይ ነበርሽ። ሐኪሞች ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድብሻል ወይ የሚለው ነው። አሁን አሁን «እኔ እኮ ኦሲዲ አለብኝ፤ ጫማ ከተዘበራረቀ አልችልም» ማለት ፋሽን ሆኗል። ጫማ መደርደር መውደድ ኦሲዲ አይደለም። ጫማ ደርዳሪው ደርድሮ ሲጨርስ ደስ ይለዋል። አንቺ ከነዚያ 400 ፎቶዎች አንዱን አንስተሽ ደስ ብሎሽ ያውቃል?

ስለ ቡታጋዙ አንድ ሙከራ ልንገርሽ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ማርሴል ቫን ደን ሁትና ሜሬል ኪንት የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው የሠሩት፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሕመም የሌለባቸውን ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ የተሳለ የጋዝ ምድጃ እንዲከፍቱ፣ እንዲዘጉ፣ እንዲያረጋግጡ አደረጓቸው። ሃያ ጊዜ። ከዚያ የመጨረሻውን ዙር አስታውሱ አሏቸው። ልጆቹ የትኞቹን ማብሪያዎች እንደነኩ ማስታወሱን አልተሳሳቱም። ግን በትዝታቸው አልተማመኑም። ምስሉ ደብዝዞባቸዋል። ልብ በይ፣ ጤነኞች ናቸው። በሃያ ዙር እነሱ እንዲህ ከሆኑ በሦስት ዓመት አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?

አእምሮሽ ተበላሽቶ አይደለም። መጀመሪያ ሽሮ የሠራሽበትን ቀን ታስታውሺው ይሆናል። ያለፈውን ወር ሽሮ ግን አንዱን ካንዱ አትለዪውም። አራት መቶው ፎቶም እንደዚያው ነው። አንቺ «በደንብ ስላላየሁ ነው የምጠራጠረው» ብለሽ ደግመሽ ታያለሽ። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጥርጣሬውን እየወለደ ያለው ማየቱ ራሱ ነው።

ወደ ክፉ ሐሳቦቹ ልምጣ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ባለፉት ሦስት ወራት የማትፈልጉት፣ ድንገት የሚገባ ሐሳብ መጥቶባችኋል ወይ ተባሉ። ከመቶው 94ቱ አዎ አሉ። ባቡር ሲመጣ አጠገቤ የቆመውን ሰው ልግፋው፣ ሕፃን ተሸክሞ ደረጃ ላይ ብጥለውስ፣ ለቅሶ ቤት ብስቅስ፣ የዚህ ዓይነት ሐሳብ ያልመጣበት ሰው ብርቅ ነው። ልዩነቱ ያለው አቀባበሉ ላይ ነው። ሌላው ሰው «ኧረ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው!» ይልና ሽንኩርቱን መክተፉን ይቀጥላል። አንቺ ወንበር ሰጠሽው። ቡና አፈላሽለት። ከየት መጣህ፣ ለምን መጣህ፣ ማን ላከህ ብለሽ ሦስተኛውን ጀበና ጣድሽለት። እንዲህ የተስተናገደ እንግዳ ነገም ይመጣል።

ደግሞም የሚገባበትን በር መርጦ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማያውቅ ሰው ቅዳሴ ላይ ስድብ ቢመጣበት ምኑም አይደለም። ለሕፃን ግድ የሌለው ሰው ከቢላ አይሸሽም። ሐኪሙ «ይህ ሐሳብ ሲመጣ ያስደነግጥሻል ወይስ ታደርጊው ዘንድ ያምርሻል?» ብሎ ይጠይቅሻል። ያንቺን መልስ ለሱ ትነግሪዋለሽ። እኔ የማየው ቢላ ጥላ የሮጠች አክስት ነው።

የንስሐው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ነው። ከ1400 ዓመት ገደማ በፊት በሲና ተራራ ገዳም የነበረ ዮሐንስ የሚባል አበምኔት የጻፈው ታሪክ አለ። አንድ መነኩሴ አንቺን የያዘሽ ዓይነት የስድብ ሐሳብ ለሃያ ዓመት አሠቃየው። በጾም፣ በትጋት ሰውነቱን ጨረሰ። ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ጽፎ ለአንድ ሽማግሌ አባት ሰጠና በግንባሩ ተደፋ። ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ሽማግሌው አንብበው ፈገግ አሉ። አነሡትና እጅህን አንገቴ ላይ አድርግ አሉት። ይህ ኃጢአት እስከ ዛሬ የነበረውም ወደፊት የሚመጣውም በኔ አንገት ላይ ይሁን፤ አንተ ግን ከእንግዲህ ከቁብ አትቁጠረው ብለው አሰናበቱት። መነኩሴው ከበዓታቸው ሳይወጣ ሐሳቡ ለቀቀው ይላል።

ያንቺ በአንድ ቀን ላይለቅ ይችላል። ግን ሽማግሌው ምን እንዳላሉት እዪ። ጾም ጨምርበት አላሉትም። በየሳምንቱ እየመጣህ ንገረኝ አላሉትም። አንተ እንዲህ ያለህ ሰው አይደለህም እያሉ ሲያባብሉት አልዋሉም። ለንስሐ አባትሽ ይህን ንገሪያቸው፤ «አባቴ፣ ሕመም ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኛል። ያንኑ ነገር ደግሜ ስደውል እንዳይመልሱልኝ» በያቸው። ጸሎቱም እንዲሁ ነው። ስድቡ መሀል ገባ? ይግባ። ከቆምሽበት ቀጥዪ። «አባታችን ሆይ» በስድብ ታጅቦም ቢሆን አንዴ ይባላል፤ ያበቃል። የሙስሊም ጎረቤቶችሽም ይህን ያውቁታል፤ ወስዋስ ይሉታል። ውዱ አድርጎ ጨርሶ «ክርኔ ረጥቦ ይሆን?» እያለ ደግሞ ደጋግሞ ሲታጠብ ሶላት የሚያልፈው ሰው በነሱም ዘንድ አለ።

ጸበሉን ተይ አልልሽም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በጸበልና በመድኃኒት መሀል ሲጨነቁ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ላንቺም ያው ነው። ብቻ አንድ ነገር ላስታውስሽ፤ ጸበሉ ቦታ ድረስ ጥርጣሬው ተከትሎሽ ሄዷል። ጀርባዬ ረጠበ አልረጠበ ያሰኘሽ ቡታጋዙን ዘጋሁ አልዘጋሁ ያሰኘሽ ነው። ቦታ ብትቀይሪ አይተውሽም።

ሕክምናውስ? ዋናው ሕክምና መጋፈጥና ምላሽ መከልከል ይባላል። በ1966 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቪክተር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪም አይድንም ብሎ ተስፋ የቆረጠበት በሽታ ነበር። አሠራሩ ለመናገር ቀላል ነው። የሚያስፈራሽን ነገር ትጋፈጪዋለሽ፤ የለመድሽውን ማረጋጊያ ግን አትወስጂም። ከዝቅተኛው ደረጃ ትጀምሪያለሽ።

ያንቺን የመጀመሪያ ደረጃ ልንገርሽ። ነገ ጠዋት ሻዩ ከፈላ በኋላ ምድጃውን አጥፊ። ሲሊንደሩን ዝጊ። አንዴ። አንዴ እዪው። ቦርሳሽን አንሺና ውጪ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስትደርሺ ይመጣል። «ዘግተሻል?» ይልሻል። መልሱ «አዎ፣ ዘግቻለሁ» አይደለም፤ ያማ ያው የድሮው ጨዋታ ነው። መልሱ «ምናልባት» ነው። «ዘግቼ ይሆናል፣ አልዘጋሁም ይሆናል፤ ታክሲ ልያዝ።» ደረትሽ ይጠብባል። ላብ ላብ ይልሻል። እግርሽ ወደ ላይ ይስብሻል። መገናኛ ስትደርሺ ብሶበት ሊጠብቅሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ እያደር ይረግባል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አይረግብም፤ ተሸክመሽው ቢሮ ትገቢያለሽ። ከነጭንቀትሽ ቢሮ መግባት እንደምትችዪ የሚገባሽ ያን ቀን ነው።

ሳልደውል አልችልም ካልሽ አዘግዪው። አሥር ደቂቃ። በሳምንቱ ሃያ። ከፎቶዎቹ ዛሬ ሃምሳውን አጥፊ፤ ሳታዪያቸው። ቢላውና ሕፃኗ ያሉት ላይኛው ደረጃ ላይ ነው። ለነሱ ባለሙያ አጠገብሽ ይኑር። እስከዚያው ግን እናትሽ ሽንኩርት ስትከትፍ ከማድ ቤት አትውጪ።

መድኃኒትም አለ። እኛ አገር የሚታወቁት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ናቸው። ለድብርትም ይሰጣሉ። ለኦሲዲ ግን መጠናቸው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ መሥራታቸውን ለማወቅም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። አንቺ አትጣዪው። መጀመሪያ አካባቢ የማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ የመንሳት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ለሐኪሙ ንገሪው። ሱስ አያስይዝም፤ በራስሽ ጊዜ ድንገት ማቆም ግን ጥሩ አይደለም። ከፋርማሲ ራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪ።

አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ «አማኑኤል ገባች» መባልን ይፈራል። ግን ኦሲዲን በየጊዜው የሚያዩ ሐኪሞች እዚያ አሉ። በሩ ላይ መታየት ከከበደሽ ጥቁር አንበሳም ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ስታገኚ ደግሞ በቀጥታ ጠይቂው፤ «ለኦሲዲ መጋፈጥና ምላሽ መከልከል ትሠራለህ?» በይው። «አይዞሽ፣ ምንም አታደርጊያትም» እያለ ሰዓቱን የሚጨርስ ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ደግ ሰው ነው፤ ግን እናትሽ በነፃ የምታደርገውን ነው እየሠራ ያለው። የመሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ እንዳያሳስብሽ፤ ሕክምና ከጀመርሽ የሐኪም ማስረጃ ታቀርቢያለሽ። ስለ ሥዕሉም ስለ ቢላውም ለአለቃሽ መተረክ የለብሽም።

ይህን አንቀጽ ለእናትሽ አንብቢላት። እትዬ፣ ልጅዎ ደውላ «ዘግቼዋለሁ?» ስትልዎ እስከ ዛሬ የመለሱላት ከፍቅር ነው። እኔም ብሆን እመልስ ነበር። ግን እያንዳንዱ «ዘግተሽዋል» የነገውን ስልክ ይጠራል። በአንድ ቀን አያቋርጡባት፤ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። ከዚያ ስትደውል «የኔ ልጅ፣ እንደጨነቀሽ ይገባኛል። ይሄን ግን እንዳልመልስልሽ ተነጋግረናል። ቁርስሽን በልተሻል?» ይበሏት። ታለቅስ ይሆናል። ትቆጣም ይሆናል። አይቆጧት፤ አይመልሱላት። ቢላዎቹን ደብቀው ከሆነም ቀስ በቀስ ወደ ቦታቸው ይመልሷቸው።

እህቴ፣ በሁለት ወር ውስጥ ጻፊልኝ። ስንት ፎቶ እንደቀረ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለሽ፣ ሕፃኗ ቆማ መሄድ ጀምራ እንደሆነ ንገሪኝ። ደብዳቤውን አንዴ ላኪው። ደረሰኝ አልልሽም።